ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው፤ የአሰብን ጦርነት በስልካችን ለጀመርን ሙስሊሞች

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በቦንጋም በሌላም የካፋ ወረዳ፣ ከዚያም ውጭ ሆናችሁ ይህን ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ፤ ይህ ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣል። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልንም።

በቀደም ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂዳችን በር ላይ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ይስቁ ነበር። ቀረብ ብለን አየን። አቧራ ላይ የወደቁ ወታደሮች የሚታዩበት አጭር ቪዲዮ ነው። ከሥሩ «የሻዕቢያ ጦር አሰብ ላይ ሲረግፍ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወጣቶቹ የሳቁት ጽሑፉን አንብበው ነው፤ ድምፁን ልብ ብሎ ያደመጠ አልነበረም። እኛን ግን በመድረሳ ዓመታት የቀራነው ዓረብኛ ጆሯችንን ያዘን። አንዱ ወታደር በደም የተነከረ ጓደኛውን ጭንቅላት ደግፎ ሸሃዳ እንዲል ተልቂን እያደረገለት ነው። ሌላው ከኋላ የታዒዝን ስም እየጠራ ይጮኻል። ታዒዝ የየመን ከተማ ናት። ቪዲዮው ከአሰብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ተረጎምንላቸው። ሳቁ ቆመ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ፊቱ ተለዋውጦ «ለሦስት ግሩፕ ልኬዋለሁ እኮ» አለ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ቃል ነው። አንድ ሙስሊም ሸሃዳ እያለ ሲሞት፣ ሙስሊሞች በመስጂድ በር ላይ ሳቁበት፤ ከዚያም ሌሎች እንዲስቁበት ላኩት። ሟቹ ኤርትራዊ ቢሆን ኖሮስ ሳቁ ሐላል ይሆን ነበር?

ከጥቅምት 2016 ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ በአደባባይ መነሳት ከጀመረ ጀምሮ የሁለቱ አገሮች ወሬ እየጋለ መጥቷል። ከዚያም ከዚህም የሚወረወረው ፕሮፓጋንዳ በየቀኑ ስልካችን ውስጥ ይገባል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ያላጣራነውን የጦርነት ወሬ ማጋራት ጨዋታ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። በቂያማ ቀን ስለ ምላሳችን እንደምንጠየቅ ሁሉ ስለ ጣታችንም እንጠየቃለን።

እስቲ ወደ ኋላ እንመልከት። በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ሲነሳ የኤርትራ ሰው «ጠላት» ተባለ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 በአስመራ የሰላም ስምምነት ሲፈረም «ወንድም» ሆነ፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬ በር ተከፍቶ የሁለቱ አገር መሪዎች አብረው ቆሙ። በ2013 የትግራይ ጦርነት ጊዜ የኤርትራ ጦር በየገጹ እንደ ደራሽ ወንድም ተወደሰ። ዛሬ ደግሞ ተመልሶ «ጠላት» ተብሏል። በ28 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ስም ተቀያየረ። የአስመራዋ እናት፣ የአሰቡ ዓሣ አጥማጅ፣ የምጽዋው ደረሳ በየመሃሉ ምን አደረጉ? ምንም። የተለዋወጠው ከላይ የሚወርደው ወሬ ነበር፤ እኛም እንደ ወረደልን ተቀበልነው፤ ትናንት ያልነውን አንድም ሰው አልጠየቀንም።

አብዛኞቻችን በባድመ ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ስለዚህ ለታናናሾቻችን እንንገራቸው። ግጭቱ የተነሳው ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ነው። ልክ በወሩ፣ ግንቦት 28 ቀን፣ መቀሌ ውስጥ የአይደር ትምህርት ቤትና ሠፈሩ በኤርትራ አውሮፕላኖች ተደበደበ፤ ሕፃናትን ጨምሮ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። ሁለቱም ወገን «ቀድሞ የመታው ያ ነው» አለ። የሁለቱም አገር ሰው የራሱን ሬዲዮ ሰማ፤ ለራሱ ሙታን አለቀሰ፤ ለሌላው ሙታን እልል አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገመት ሰው ከሁለቱም ወገን በምሽግ ውስጥ ቀረ። ኤርትራውያንና ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው 75 ሺህ ገደማ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ከኤርትራም ኢትዮጵያውያን በአሥር ሺዎች ተፈናቅለው መጡ። ቤተሰብ ተከፈለ፤ ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ ቀሩ። እነዚህን ሰዎች ከቤታቸው ያወጣቸው የመንግሥት ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ እንዲያይ ቀድሞ ያዘጋጀው ወሬ ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 በአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ውሳኔውን ሲያሳውቅ የእኛ መንግሥት «ባድመ ለእኛ ተወሰነ» ብሎ አወጀ፤ ሕዝቡም ደስ አለው። ውሳኔው በካርታ ሲታይ ግን ባድመ በኤርትራ በኩል ነበረች። ለዚያች መሬት የሞቱት ልጆች እናቶች መጀመሪያ የድል ዜና ሰሙ፤ እውነቱ ቆይቶ ደረሳቸው። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል የተነገረው ግንቦት 28 ቀን 2010 ነው። ልብ በሉ፤ አይደር ከተደበደበ ልክ 20 ዓመት ሲሞላ ነው።

የካሣ ኮሚሽኑም በ2001 ዓ.ም. የመጨረሻ ውሳኔ ሰጠ። ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደ። ልዩነቱ 10 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። በዚያ ሁሉ ደም ላይ የተሠራው ሒሳብ ይኸው ነው።

«የባሕር በር ግን መብታችን አይደለም ወይ?» የሚለን ወንድም ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም አንንቀውም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ገቢና ወጪ ንግዱ በአብዛኛው በአንድ የጅቡቲ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ያሳስባል። የካፋ ቡናም ባሕር የሚሻገረው በዚያው ነው። ግን አንድ ነገር አስታውሱ። ኤርትራ በ1985 ከተለየች በኋላም እስከ 1990 ድረስ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ ትጠቀም ነበር፤ አብዛኛው ዕቃችን በዚያ ይገባ ነበር። አሰብ የተዘጋችብን በጦርነቱ ነው። ዛሬ «በጦርነት እናስከፍታታለን» የሚል ሰው፣ በጦርነት የተዘጋ በር በጦርነት ስለ መከፈቱ ምን ማስረጃ እንዳለው ይንገረን። መብትን በንግግር፣ በውል፣ በሕግ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ሕዝብን መርገምና የሰው ሬሳ ላይ መሳቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ወደብ አያመጣም።

አሰብን የሚኖሩባትም እነማን ናቸው? አፋሮች ናቸው። አፋር በኢትዮጵያም፣ በኤርትራም፣ በጅቡቲም አለ፤ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ጎሳ፣ አንድ ቂብላ ነው። እዚያ ጦርነት ቢነሳ የመጀመሪያው ጥይት የሚያርፈው በሁለቱም በኩል ፈጅር ሊሰግድ በተነሳ ሰው ቤት ላይ ነው። ይህን ስንል የሙስሊም ደም ብቻ ያሳዝነናል ማለታችን አይደለም። የአይደር ሕፃናት ደም ሃይማኖት ሳይጠየቅ ያስጠይቃል። ያለ ሐቅ የጠፋች አንዲት ነፍስ አላህ ዘንድ እንደ ሰው ዘር ሁሉ እንደምትታይ በመድረሳ የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። ሱረቱል ሑጁራት ላይ አመጸኛ ሰው ወሬ ሲያመጣ አጣሩ፣ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ የሚል ትእዛዝ አለ። ሁላችንም በኹጥባ ሰምተነዋል። የወረደበትን ሰበብ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አንድን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኒ ሙስጠሊቅ ላኩት። ሰዎቹ ሊቀበሉት ሲወጡ እሱ ፈራ፤ ሊገድሉት የመጡ መሰለው። ከመንገድ ተመልሶ «ዘካውን ከለከሉ፣ ሊገድሉኝም ፈለጉ» አለ። መዲና ጦር ለመላክ ተቃረበች። ሲጣራ ሰዎቹ በእስልምናቸው ላይ ነበሩ። አንድ የፈራ ሰው፣ አንድ ያልተጣራ ወሬ፣ ሁለት ሙስሊም ወገን ሊፋጅ ነበር። ያንን ዘመን የታደገው ማጣራት ነው። እኛ ደግሞ በቀን ሃምሳ እንዲህ ያለ ወሬ ይደርሰናል፤ አንዱንም አናጣራም።

ሱረቱ ኒሳእም የጸጥታና የፍርሃት ወሬ ሲደርሳቸው የሚያሠራጩትን ሰዎች ትወቅሳለች፤ ነገሩን ወደሚያውቁትና ወደሚመለከታቸው መመለስ እንዳለባቸው ታስተምራለች። «የመሪን ትእዛዝ እየተከተልን ነው» የምትሉ ይህን አስተውሉ። የአገር ጸጥታ የሚመለከተው አካል ካለ፣ ያ አካል እናንተና ስልካችሁ አይደላችሁም።

ሐበሻ ሙስሊም ደግሞ ስለ ወሬ ሌላም ትምህርት አለው። ወደዚች ምድር የተሰደዱት ሶሓቦች ነጃሺ ዘንድ በሰላም ተቀምጠው ሳለ «ቁረይሾች ሰለሙ» የሚል ወሬ ደረሳቸው። አምነው የተመለሱት መካ ሲቃረቡ ውሸት ሆኖ አገኙት። ደስ የሚል ወሬም ቢሆን ያልተጣራ ወሬ ሰውን ከአማን ቦታ ወደ ፈተና ይመልሳል። ልባችን የሚፈልገውን ወሬ ስንሰማ ነው ይበልጥ ልንጠነቀቅ የሚገባን።

እኛ ራሳችንን ንጹሕ አናደርግም። በ2013 የነጃሺ መስጂድ ተመቶ ሚናራው ሲጎዳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ «ውሸት ነው» አልን። ፎቶው ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዳችን የምንጠላውን ወገን ወቀስን እንጂ በዚያ ስለሞተው ሰው ኢስቲርጃዕ ያለው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ በዚህችው አካባቢ ያላጣራነውን ያጋራን፣ የተሳደብን፣ የሰደብን አለን። ከጻፍናቸው ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አናውቃቸውም። ዛሬ የምንናገረው ያ ስለሚቆጠቁጠን ነው።

የካፋ ሰው ደግሞ ጦርነትን ከወሬ የተማረ አይደለም። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ዘመቻ ይህን አገር ምን እንዳደረገው፣ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንዴት እንደተያዙ፣ ስንት ቤት ወና እንደቀረ ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ያም ዘመቻ በሩቅ ለሰማው የድል ወሬ ነበር። ቤቱ ለተቃጠለበት ግን ድል አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ፣ ከአሰብ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቡና እየጠጣ «ግፋ በለው» ሊል አይገባውም። ጦርነት ቢመጣ የሚሄደው ይህን የሚጽፈው አይደለም፤ ከግምቦ፣ ከዴቻ፣ ከጨና የሚወጣው፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ የጎረቤታችን የ19 ዓመት ልጅ ነው። አስከሬኑ ላይመጣ ይችላል። እናቱ ዘንድ ለተዕዚያ የምንሄደው ግን እኛው ነን። ያን ቀን «ያ ቪዲዮ የእኔ ነበር» የሚል ይኖር ይሆን?

አገር መጠበቅን አንቃወምም። ድንበር ላይ የቆመ ወታደር መብቱም ግዴታውም ነው፤ ዱዓችን ከሱ ጋር ነው። የምንቃወመው ቤቱ ተቀምጦ በሌላው ልጅ ደም ጀግና የሚሆነውን ነው፤ ኡስታዝም ቢሆን፣ ሺህ ተከታይ ያለው ዳዒም ቢሆን። ሚንበር ላይ ወጥቶ ሕዝብን በጅምላ የሚራገም ሰው ከሰማችሁ፣ በአደብ፣ ከሰላት በኋላ ለብቻው ንገሩት።

የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሬሳ፣ የምርኮኛና የቁስለኛ ምስል፣ የማንም ይሁን፣ አታጋሩ። ሁለተኛ፣ የጦርነት ወሬ ሲደርሳችሁ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተቀረጸ ሳታውቁ ወደ ሌላ አትላኩ፤ የላካችሁትም ውሸት ሆኖ ከተገኘ በላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ ገብታችሁ «ውሸት ነበር» በሉ። ያ ወጣት ማታውን ይህን አደረገ፤ ሦስቱም ግሩፕ ውስጥ አስተካክሎ ጻፈ። አንዱ ግሩፕ ሰድቦ አስወጣው። አላህ ይቀበለው። ሦስተኛ፣ በሱጁዳችሁ ለሁለቱም ሕዝብ ዱዓ አድርጉ፤ ዱዓ ያደረጉለትን ሰው መጥላት ይከብዳልና።

አላህ ሆይ፣ ምላሳችንንና ጣታችንን ከሰው ደም ጠብቅልን። ለመሪዎች ማስተዋልን፣ ለእናቶች ልጆቻቸውን፣ ለሁለቱም አገር ሰላምን ስጥ። አሚን።

ይህንንም ጽሑፍ እንዲሁ እንዳታጋሩት። የጠቀስናቸውን ቀኖችና ነገሮች አጣሩ፤ ስሕተት ካገኛችሁ አርሙን። ከዚያ በኋላ የፈለገ ያጋራ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።