«አንድ ባሌስትራ ጨምርበት»

መርሳ ውስጥ የጭነት ፒክአፕ ያለው ሰው ጋራዥ ሲገባ አቤቱታው አንድ ነው፦ «ኋላው ተቀመጠብኝ»። መልሱም አንድ ነው፦ «አንድ ባሌስትራ ጨምርበት»። ክሪኩ ይገባል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የማይታወቅ ዝገት የበላው ባሌስትራ በነበሩት ላይ ይደረባል። መኪናው ከክሪክ ሲወርድ ኋላው እንደ ዶሮ ጭራ ቀና ይላል። ባለቤቱ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ያየዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ስለ ሾክ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም።

ሾክን ያነሳ ሰው ካለማ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «ሾክ ለምቾት ነው። እኛ የምንጭነው ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ወገቤን አይልም።» ይህን የሰማሁት ከአንድ ሾፌር ብቻ አይደለም። ወልድያ መናኸሪያ አካባቢም፣ ውርጌሳ ሻይ ቤት ውስጥም ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ተስቆበት ያልፋል። እኔ ግን ከዚህ አባባል የበለጠ ኪስ የሚያራግፍና ሰው የሚያስጨርስ የጋራዥ ተረት አላውቅም።

ባሌስትራ የሚለውንም፣ ሾክን የምንጠራበትን አሞርዛተርንም ያገኘነው ከጣሊያን ነው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው፤ ተለጥጦ የሚያስወነጭፍ። አሞርዛተር ያልነው አሞርቲዛቶሬ ደግሞ ሥሩ ከሞት ጋር የተዛመደ ነው፤ የሚያደነዝዝ፣ የሚገድል። አንዱ ያስወነጭፋል፣ ሌላው ውንጨፋውን ይገድላል። እኛ አስወንጫፊውን እየደራረብን ገዳዩን ረሳነው።

ነገሩ በሜካኒክ ቋንቋም ያው ነው። ባሌስትራ ክብደት ይሸከማል እንጂ የተቀበለውን ጉልበት አያጠፋም፤ መልሶ ይተፋዋል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ መኪናው ይዘላል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይዘላል። ይህን የሚያቆመው ሾክ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህ ነው ከጠጠር መንገድ የመጣ መኪና ሾኩ በእጅ ሲነካ የሚሞቀው። ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኘኸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ባሌስትራው በተጨመረ ቁጥር ተመልሶ የሚተፋው ጉልበት ስለሚበዛ፣ ሾኩም አብሮ መጠንከር ነበረበት። እኛ ግን ጠንካራ ባሌስትራ ከሞተ ሾክ ጋር አጋብተን ወደ ድልብ ዳገት እንልካለን።

የድልብን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከወልድያ ተነስቶ ወደ ጋሸና አቅጣጫ ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ የሚወጣ ነው፤ የወጣ ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ቁልቁለት ላይ መኪና የሚያቆመው ፍሬኑ ብቻ ይመስለናል። ፍሬን የሚይዘው ግን ጎማው መሬት ሲነካ ነው፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን የለውም። ሾክ የሌለው ጎማ ደግሞ ሻካራ አስፋልት ላይ እንኳ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ዓይን ባያየውም ጎማው ራሱ ይመሰክራል። መዳፋችሁን በጎማው ፊት ላይ ዙሪያውን አሂዱት። አንዴ ጎድጎድ፣ አንዴ ጎበጥ እያለ በየስንዝሩ ማንኪያ የቆረሰው ከመሰላችሁ ነጥሮ እያረፈ የተበላ ነው። ባለመኪናው ይህን አይቶ የሚረግመው ጎማውን ነው፤ «የዘንድሮ ጎማ!» ይላል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በብዙ ሃይሉክስ ኋላ አክስል ላይ በቀጭን ዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ሥራዋ ሻንሲው ወደ አክስሉ ምን ያህል እንደወረደ መለካት ነው። ዝቅ ካለ «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ፍሬን ግፊት ትጨምራለች፣ ከፍ ካለ «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች። ባሌስትራ ደራርበን ኋላውን ሰቅለን ዘንጓን ሳናስተካክል ስንተዋት፣ መኪናው 10 ኩንታል ተሸክሞም እሷ ባዶ ነው ብላ ታምናለች። ስለ ሽንኩርት ወገብ የሚቀልደው ሾፌር ይህችን ዘንግ ጎንበስ ብሎ አይቷት ያውቅ እንደሆን እጠራጠራለሁ።

ሌላ አገር፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ ወጣቶች ፒክአፕን ለቁመናው ሲሉ ሆን ብለው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ያደርጉታል። ቅብጠት ሊባል ይችላል። ግን ሥራውን በወጉ የሚያውቁት ሾኩንም አብረው ይቀይራሉ፤ ዝቅ ያለ መኪና ላይ የቀድሞው ረጅም ሾክ ታች ደርሶ ይመታልና። እኛ ጋ ፒክአፑን ዝቅ የሚያደርገው ጭነት ነው፤ ያውም ለግማሽ ቀን። ጠዋት ባዶውን ከመርሳ የወጣው መኪና ኋላው ተሰቅሎ፣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተለጥጦ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ከማሰሪያው ሊነቀል ይደርሳል። ከሰዓት ከጊራና ማንጎ ጭኖ ሲመለስ ደግሞ ያው ሾክ ተጨፍልቋል። በአንድ ቀን ሁለት መኪና ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ የተሠራ ሾክ አለ። ጎረቤቴ አንድ ዘመዱ ከውጭ ላከለት፤ ጎኑ ላይ ከ1 እስከ 9 የሚዞር ቁልፍ ያለው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየለት። ተገጥሞ ሲያበቃ «ስንት ላይ አደረግኸው?» አልኩት።

«ዘጠኝ ነዋ! አንድና ሁለቱማ ለቪትዝ ነው» አለኝ።

የልማዱ ሥር እዚህ ላይ ወለል ብሎ ታየኝ። መሣሪያው ተቀየረ እንጂ ሐሳቡ ያው «ጠንካራ ነው ጎበዝ» ነው። ዘጠኝ ላይ የታሰረ ሾክ ባሌስትራው ሲጨመቅ ቶሎ እንዲመለስ አይፈቅድለትም። ጠጠር መንገድ ላይ ጉብታው ተከታታይ ነው፤ ከመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ይመታዋል፣ ከዚያ ሦስተኛው። መኪናው በየጉብታው እየሰመጠ መጨረሻ ላይ ሻንሲው በመመከቻው ላስቲክ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤቴ በሳምንቱ ምን ብሎ ጋራዥ እንደሄደ መገመት አያቅትም፦ «ኋላው ተቀመጠብኝ»። ምን ተብሎ እንደተመለሰም እንዲሁ።

ኋላ ለምኜው አብረን አስተካከልነው። ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አልጠየቀንም። ቁልፉን 1 ላይ መልሰን፣ ባዶውን፣ ያችኑ መንገድ በያው ፍጥነት እየተመላለስን፣ በየዙሩ አንድ ቁጥር ብቻ እየጨመርን፣ ግራና ቀኙን እኩል እያደረግን። መኪናው ጉብታ ዘሎ አንዴ ተወዛውዞ ዝም ሲል ቆምን፤ 3 ነበር። ማንጎ ሲጭን 6 በቂ ሆነ። 9ን አንድ ቀንም አልፈለግነውም። ወልድያ የምትረከበው ነጋዴ ማንጎውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ከላይም ከሥርም አየች። የበፊቶቹ ጭነቶች የሣጥኑ ታች ሁልጊዜ ጠቁሮ ይደርስ ስለነበር ግማሽ ዋጋ ነበር የምትቆርጥለት። ሽንኩርት ወገቤን ባይል ማንጎ ይላል።

ባሌስትራ የሚጨምረውን ሰው አልኮንንም። 10 ኩንታል ገደማ እንድትችል የተሠራች መኪና ላይ 15 የሚጭነው ወዶ አይደለም፤ ነዳጁ ያው ነው፣ ምልልሱ ያው ነው። መኪና ልቀይር ቢልም መንገዱ ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አድርጎታል፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው አሮጌ ፒክአፕ ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች። ቁልፍ ያለው ውድ ሾክም ግድ አይደለም፤ ልኩን የጠበቀ ተራ ሾክ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ ሞልቷል። ግን እሱን የሚገዛው ሰው ስንት ነው? ባሌስትራው ሲገባ መኪናው ወዲያው ቀና ሲል ይታያል፤ ሾክ ተቀይሮ ግን ከውጭ ለሚያየው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ገንዘብ ከፍሎ ምንም አለማየት ማንን ደስ ይለዋል?

ባለፈው ቅዳሜ ጋራዥ ሄጄ አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ተሰቅሎ አገኘሁ። ዕድሜ የጠገቡት መካኒክ ሾኩን ፈትተው አውጥተው በሁለት እጃቸው ገፉት፤ ያለ ምንም ድካም ገባ። ሳቡት፤ ወጣ። እንደ ብስክሌት መንፊያ፣ ያውም አየር እንደሌለው።

«ይኸውላችሁ ሞቷል» አልኳቸው።

«ኧረ ከሞተ ቆየ» አሉና መልሰው ቦታው ላይ አሰሩት። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ባለቤቱ ዞሩ፦ «ከኢሱዙ የወጣ ጥሩ ባሌስትራ አለኝ። ላስገባበት?»