«ይወጣል እኮ!»

ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር ለሕክምና የሚመጡ አባቶችን «ሽንት እንዴት ነው?» ስላቸው፣ ብዙዎቹ «ይወጣል እኮ፣ ጠብ ጠብ ይላል፤ እርጅና ነው» ይሉኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄው ጠብ ጠብ ነው። ያበጠ ፕሮስቴት መውጫውን ሲያጠበው ፊኛ ይሞላና ትርፉ ብቻ ይንጠባጠባል። የቀረው ሽንት ግፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ሁለቱም ኩላሊት ይመለሳል። ኩላሊት ውስጡ ይወጠራል፣ ሥጋው ይሳሳል፣ ቀስ እያለ ጠባሳ ይሆናል። ያውም ያለ ምንም ሕመም ሊሆን ይችላል!

ሳይቆይ ሽንቱ በቱቦ ከተለቀቀ ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። ወራት ከቆየ ግን ጠባሳው አይመለስም፤ መጨረሻው የኩላሊት እጥበት ሊሆን ይችላል። እጥበት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው። ከደባርቅ እየተመላለሱ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ፦ ሽንት ያስቸገራቸውን አባት «ኢንፌክሽን ነው» ብለን መድኃኒት ብቻ ሰጥተን አንሸኛቸው። ከእምብርት በታች እንዳስሳቸው፤ አልትራሳውንድና ክሬቲኒን እንዘዝላቸው።

እናንተ ደግሞ ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ አባታችሁ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ ጠይቁልኝ። ለሴት ልጃቸው ያፍሩ ይሆናል፣ ወንድማችሁ ይጠይቃቸው። ሽንቱ ጨርሶ እምቢ ካለ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ።