የጀልባና የመርከብ መምህርነት፦ ደስታውና ዋጋው

ከሰከላው የግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው ውኃ፣ ከሐይቁ ወጥቶ ጎጃምን ከዞረ በኋላ፣ እኛን የቡሬን ሰዎች ከወለጋ ለይቶ በጥልቅ ሸለቆ ያልፋል። ስለዚህም ውኃ በእኛ ዘንድ የሚከለክል እንጂ የሚያደርስ መንገድ ሆኖ አልታየምና፣ ልጆቻችን ሙያ ሲመርጡ ሕክምናን፣ ንግድንና የመንግሥት ሥራን ያስባሉ እንጂ፣ መቅዘፍንና መርከብ መንዳትን ማስተማር ዕድሜ የሚሰጡት ክቡር ሥራ መሆኑ አይታያቸውም። እኔ ግን የዚህ መምህርነት ደስታው እውነተኛ፣ ዋጋውም ከባድ እንደ ሆነ፣ ያንንም ዋጋ መምህሩ ብቻውን ሊሸከመው እንደማይገባ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በሌላው ትምህርት የተማሪው ዕውቀት የሚለካው በፈተና ቀን ሲሆን፣ በውኃ ላይ ግን ነፋስና ማዕበል በየደቂቃው ይመረምሩታል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል፤ ትናንት መቅዘፊያ ጨብጦ ይንቀጠቀጥ የነበረ ደቀ መዝሙር ዛሬ ማንም ሳይነግረው ጀልባውን ፊት ለፊት ወደ ማዕበሉ ሲያዞር ማየትና እጅን ሰብስቦ መቀመጥ መቻል፣ ለመምህሩ ከደመወዝ የሚበልጥ ዕሤት ነው። የደንገል ታንኳ ጥበብማ ከመቅዘፍም ይቀድማል፤ ደንገሉን ማጨድ፣ ማድረቅ፣ አጥብቆ ማሰር፣ ከጉዞ መልስም ውኃ ጠጥቶ እንዳይከብድ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ማቆም፣ ይህን ሁሉ አባት ለልጁ ያለ ሰሌዳና ያለ መጽሐፍ እያስተማረ ለእኛ ዘመን አድርሶታል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ የታንኳ ሊቃውንት ብዙዎቹ በጣና ዳር የሚኖሩ የወይጦ ወገኖች ሲሆኑ፣ በጥበባቸው የተጠቀመው ሕዝብ ራሳቸውን ሲንቅ መኖሩ ሊያሳፍረን ይገባል። በባሕሩም ወገን ዋጋው ቀላል አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ካሌብ ሠራዊቱን በመርከብ ከቀይ ባሕር ማዶ ወደ ሕምያር ያሻገረባት አገር፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ አስመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ አቋቁማ መኮንኖች ስታሠለጥን ከቆየች በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ያለ ባሕር በር ቀረች፤ ባሕር ኃይሉም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲፈርስ፣ የብዙ መምህራን ልፋት ተበተነ። ዛሬ በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ተቋም የምህንድስና ምሩቃንን ለዓለም መርከቦች ያዘጋጃል። በዚያ ሙያ ባሕሩን የመረጠ ሰው በውጭ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ነገር ግን ልጆቹን ለወራት አያይም። ማስተማርን የመረጠው ከቤተ ሰቡ ጋር ያመሻል፤ ነገር ግን ያሠለጠነው ወጣት በጥቂት ጊዜ ውስጥ በገቢ እንደሚበልጠው እያወቀ ነው የሚያስተምረው።

ባሕር ለሌለው አገር የመርከብ መምህር ምን ይፈይዳል የሚሉ አይጠፉም። መልሴ ይህ ነው፦ በጣና ሐይቅ በዘጌና በደቅ የሚኖረው ወገናችን ዛሬም በውኃ ይመላለሳል፤ ምሩቃኖቻችንም በየውቅያኖሱ ይሠራሉ። ወደብ በስምምነት ሊገኝ ይችላል፤ የተቋረጠ ጥበብን መልሶ ለማብቀል ግን አንድ ትውልድም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የታንኳውን ሊቅ በመምህርነት ማዕረግና ደመወዝ ወደ ትምህርት ቤት መጥራት፣ ከመርከብ ወርዶ ለሚያስተምረውም የተወውን ገቢ በከፊል እንኳ የሚክስ አበል መመደብ፣ የመንግሥት ግዴታ ነው። እኛ ወላጆችም ልጃችን ይህን ሥራ ቢመርጥ በምርቃት እንሸኘው።