የማይሠራ ነገር መሥራት ምን ይጠቅማል?

ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል የሮቦት ጭንቅላት ተቀምጧል። የሠራው ቀን ቀን መሀል ከተማ በጄፒ ጎዳና ብርድ ልብስ የሚሸጥ ወጣት ኢትዮጵያዊ ነው፤ ማታ ማታ እየሠራ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ጭንቅላቱ የቻፒ አምሳያ ነው፤ ቻፒ ደግሞ ኒል ብሎምካምፕ እዚሁ ጆሃንስበርግ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ ያበቃው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። «ምን ይሠራልሃል?» አልሁት። «ምንም አይሠራም፣ እህቴ። ግን ሠራሁት» አለኝ።

መልሱ ለኢኮኖሚ ባለሙያ የሚመች አይደለም። ዕቃው አገልግሎት የለውም፤ አይሸጥም፤ ጊዜና ገንዘብ ግን በልቷል። ይሁን እንጂ የዚህን መሰል ሥራ ዋጋ በዕቃው ላይ ብቻ የምንፈልግ ከሆነ የምንፈልገው በተሳሳተ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ኩረጃውን እንደ ጨዋታ ወይም እንደ ስርቆት ብቻ የሚያይ ፖሊሲ፣ ለታዳጊ ኢኮኖሚ እጅግ ብርቅ የሆነውን ሀብት፣ ማለትም እጅ ላይ ያለን ዕውቀት፣ ሳያየው ያልፋል።

እስቲ ሥራውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ወጣቱ የሚለካው ዕቃ አልነበረውም። ቻፒ በፊልሙ ውስጥ በአመዛኙ የኮምፒዩተር ምስል ነው፤ ተዋናዩ ሻርልቶ ኮፕሊ የተንቀሳቀሰውን ባለሙያዎች በሮቦት ሥዕል ተክተውታል። ስለዚህ ወጣቱ ፊልሙን እያቆመ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ምስሎችን ሰበሰበ፤ በምስሉ ውስጥ ልኩን የሚያውቀውን ነገር ፈልጎ የቀረውን በንጽጽር አሰላ። በካርቶን ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስቱንም ጣለ። ከዚያ በስፖርት ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈውን ወፍራም ስፖንጅ በካርቶኑ ልክ ቆርጦ፣ በሙቅ አየር አጉብጦ፣ በማስቲሽ አጋጠመው። ስፖንጅ ቀለም እንደሚጠጣ የተማረው የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ቀለም ካባከነ በኋላ ነው፤ አሁን አስቀድሞ ኮላ ደጋግሞ ይቀባዋል። ብርማው ቀለም ሲደርቅ ጥቁር ቀለም ደርቦ ወዲያው ይወለውለዋል፤ በየስርጉዱ የሚቀረው ጥቁር ስፖንጁን ያረጀ ብረት ያስመስለዋል።

ማይክል ፖላንዪ ከምንናገረው በላይ እናውቃለን ሲል የገለጸው ዕውቀት ይህ ነው። ሪካርዶ ሃውስማንና ሴዛር ሂዳልጎም ሀገራትን ባለጸጋ የሚያደርገው በሰዎች ውስጥ የተከማቸ የመሥራት ችሎታ መሆኑን፣ ይህም ችሎታ ከዕቃና ከመጽሐፍ ይልቅ በዝግታና በችግር ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ለዓመታት ሲያስረዱ ቆይተዋል። መኮረጅ አንዱ የመተላለፊያ መንገድ ነው። የማይሠራ ዕቃ መኮረጅ ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው፦ ስሕተቱ ማንንም አይጎዳም፤ ተማሪው እስኪጠግብ ድረስ ሊሳሳት ይችላል።

ዋናዎቹ ዕቃዎችም ቢሆኑ ከጥራጊ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» የምናውቀውን የብርሃን ሰይፍ ሮጀር ክርስቲያን የሠራው ለንደን ውስጥ ካገኘው የአሮጌ ግራፍሌክስ ካሜራ የፍላሽ እጀታ ላይ የጎማ ቁራጮች ለጥፎ ነው። የመርካቶን ምናለሽ ተራ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት ሠፈር ነውና። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት «ክራምብስ» (2015) ይህንኑ ታሪክ አደረገው፤ በዚያ በፈረሰ ዓለም ርካሽ የላስቲክ መጫወቻ የከበረ ቅርስ ነው።

«ስርቆት አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ ሕጉም መልስ አለው። ለ«ስታር ዋርስ» የወታደሮቹን ነጭ የራስ ቁር የሠራው እንግሊዛዊው አንድሪው ኤይንስዎርዝ ከዓመታት በኋላ ቅጂዎቹን መሸጥ ሲጀምር ሉካስፊልም ከሰሰው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2006 20 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 የራስ ቁሩ የፊልሙ ሥራ መገልገያ እንጂ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም ሲል ወሰነ፤ ስለዚህ እዚያው ብሪታንያ መሥራቱን አልከለከለውም። ያም ሆኖ ወደ አሜሪካ ለሸጠው በአሜሪካ ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል አጸና። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን የመብቱ ባለቤት እንዳይከለክል ይደነግጋል። መርሑ ግልጽ ነው፦ ለመማር መኮረጅና የሰው ንድፍ መቸርቸር ይለያያሉ።

የሜይፌሩን ወጣት ያቆመውም የቅጂ መብት አይደለም። ጭንቅላቱን በፎቶግራፍ ያየ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት፣ የራሱን ንድፍ ይዞ መጥቶ ለገበያ አዳራሽ ትርዒት ስድስት ዕቃዎች እንዲሠራለት ጠየቀው። ከኩረጃ ወደ ፈጠራ የሚያሻግረው ትእዛዝ ይህ ነበር። ድርጅቱ ክፍያውን በባንክ ብቻ እፈጽማለሁ አለ፤ የወጣቱ የጥገኝነት ወረቀት የእድሳት ቀን ግን አልፎ ስለነበር ሂሳቡ ታግዷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ ማሻሻያ ለጥገኝነት ጠያቂዎች ሥራ የመሥራትን መብት ራሱን በቅድመ ሁኔታ አስሮታል። ትእዛዙ ለሌላ ሰው ሄደ፤ ወጣቱም ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ።

አንባቢ «ስምንት ወር ሙሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቢማር አይሻለውም ነበር?» ሊል ይችላል። የመጀመሪያ መልሴ፣ እነዚያ ሌሊቶች ከትምህርት ሳይሆን ከእንቅልፍ የተወሰዱ ናቸው የሚል ነው፤ ሰው ለሚወደው ሥራ የሚሰጠውን ሰዓት ፖሊሲ አውጪ እንዳሻው ወደ ሌላ ሊያዛውረው አይችልም። በሌላ በኩል፣ መጫወቻ የሚሠራ ሁሉ ፋብሪካ ይከፍታል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ጓሮ ውስጥ ይቀራል። በጓሮውና በፋብሪካው መካከል ያለው ድልድይ ግን የመጀመሪያው የሚከፈልበት ትእዛዝ ነው፤ መንግሥታት ሊጠግኑት የሚችሉትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይታዩኛል። በደቡብ አፍሪካ፣ የወረቀት እድሳት በመዘግየቱ ብቻ የሰው የባንክ ሂሳብ ሊዘጋ አይገባም፤ መዘግየቱ የባለጉዳዩ ጥፋት አይደለምና። በኢትዮጵያ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን አውደ ጥናቶቻቸውን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሠፈሩ ሰው ቢከፍቱ፣ በምናለሽ ተራ ያለውን እጅና በትምህርት ቤቱ ያለውን ማሽን ማገናኘት ይቻላል። እኛ በውጭ የምንኖረው ደግሞ ለወንድምና ለእህት ልጆች ስልክና ጫማ እንልካለን። መለኪያ፣ ጥሩ መቁረጫና የሙቅ አየር መሣሪያ ከስልኩ ይረክሳሉ። ወጣቱ አሁን ያለችውን ብቸኛ መቁረጫ የገዛው ከወር ደሞዙ ቆጥቦ ነው።