አንድ ሰዓት፣ አንድ የተዘጋ በር

እንደምታውቁት እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። እኛ ዘንድ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ንጉሡን የምናዳምጠው በመጨረሻ የምንሸጥለት ነገር ስላለን ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ምንም ሳይሸጥ፣ ለምክር እንኳ ሳይቸኩል ደንበኛውን ስለሚያዳምጥ ባለሙያ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን መንገድ «ደንበኛን ማዕከል ያደረገ» ብሎ ጠራው። «ታካሚ» የሚለውን ቃል ትቶ «ደንበኛ» ያለው አስቦበት ነው፤ ሰውየው ፈልጎ የመጣና የሕይወቱ ባለቤት ነው ለማለት ነው። ከአማካሪው የሚጠበቁትም በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሳያስመስል ራሱን መሆን፣ ሳይፈርድ መቀበል፣ ነገሩን በሰውየው ዓይን አይቶ መረዳት።

ይህ ለእኛ ትንሽ እንግዳ ነው። እኛ ቤት ምክር ሞልቷል፤ የሚጎድለው ሰሚ ነው። እንበል አንዲት ሴት «ሥራዬን መልቀቅ እፈልጋለሁ» አለች። ባል «በዚህ ኑሮ ውድነት?» ይላል። እናት «ልጄ፣ ጸበል ብትጠመቂ ይሻልሻል» ይላሉ። ጓደኛ ወዲያው ሌላ ክፍት የሥራ ቦታ ትጠቁማለች። ሁሉም ይወዷታል፤ ማንም ግን አልሰማትም። አማካሪው ደግሞ «ገና ጠዋት ስትነሺ የደከመሽ ይመስላል» ይልና ዝም ይላል። ምናልባት ሴትዮዋ ከዚያ ዝምታ በኋላ የምታወጣው ነገር ስለ ሥራው ላይሆን ይችላል።

ይህ ምክክር ዛሬ በስልክና በኮምፒውተርም ይሰጣል። ብስራተ ገብርኤል ለሚኖር ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። በሳር ቤት መጨናነቅ ግማሽ ቀን አይጠፋም፤ ክሊኒክ በር ላይ «ማን አየኝ ይሆን?» ብሎ መሸማቀቅም የለም። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህታችሁም በአማርኛ ልቧን የምታካፍለው ባለሙያ ማግኘት ትችላለች።

የራሱ ፈተናም አለው። ፊት ለፊት ሲሆን ዝምታው ራሱ ይናገራል፤ በስክሪን ግን ኔትወርክ የተቋረጠ ይመስላል። ጥሩ አማካሪ «እዚሁ ነኝ፣ ጊዜ ውሰጂ» ይላል። እንባውን በደንብ ላያይ ስለሚችል የድምፅን መሰበር በጥሞና ያዳምጣል፤ የተረዳውንም «እንዲህ ማለትሽ ነው?» እያለ ያረጋግጣል። መስመሩ ወይም መብራቱ ቢጠፋ ማን መልሶ እንደሚደውልም አስቀድሞ ይስማማል።

ትልቁ ፈተና ግን ያለው ከስክሪኑ ወዲህ፣ በእኛው ቤት ነው። ሳሎን ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ መኝታ ቤት ልጆች ያጠናሉ፣ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ አለች። በራችን ዘመድ የሚገባበት ስለሆነ የተዘጋ በር እንደ ኩርፊያ ወይም እንደ ሚስጥር ይቆጠራል። አማካሪው ምንም ያህል ሳይፈርድ ቢያዳምጥ፣ ደንበኛው ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ጆሮ እየፈራ ከሆነ የሚያወራው የተመረጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራው ግማሽ የቤተሰቡ ነው።

ባላችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም ወጣት ልጃችሁ «አንድ ሰዓት ብቻዬን ልሁን» ቢሏችሁ ስጡ። ልጆቹን ይዛችሁ ወጣ በሉ፤ ቀኑ ወር በገባ በ19 ከዋለ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደርሳችሁ ተመለሱ። ሲጨርሱም «ምን አላችሁ? ስለኔ አወራችሁ?» አትበሉ። ቡና አፍሉና ተቀመጡ፤ ማውራት ከፈለጉ ያወራሉ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ የቆመ መኪና ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም ይቻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አማካሪውን ጠይቁ፦ ትምህርትህ ምንድን ነው? ንግግራችን ይቀዳል? ሚስጥሬን ለማን፣ መቼ ትናገራለህ? ክፍያውስ? ባለሙያው በበኩሉ ያላችሁበትን አድራሻና በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ ቢጠይቃችሁ አትከፉ፤ ሩቅ ሆኖ ሊደርስላችሁ የሚችለው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ለቀናት እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ የስክሪን ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ብቻውን ሳትተዉት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል አድርሱት፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን የሚገልጥበት ቦታ የሌለው ሰው ደብቋል ተብሎ አይወቀስም። በዚህ ወር ቤታችሁ ውስጥ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና ማንም የማይነካው አንድ ሰዓት ይኑር። ቸር ሰንብቱ!