የካዛንቺስ ማፍጠሪያ ወዴት ሄደ?

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ግቢ ውስጥ የነበረውን ሩጫ እዚያ ያደገ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከአንዱ ቤት የአጃ ሾርባ ይሸታል፣ በሌላው በር ሳምቡሳ ከዘይት ይወጣል፣ ልጆች ሳህን ይዘው ከደጃፍ ደጃፍ ይመላለሳሉ። በአንድ ቤት የተሠራ በአንድ ቤት ብቻ አይበላም ነበር። ክርስቲያን ጎረቤትም ድርሻ ነበረው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገናኙ እናቶቻችን ሳምቡሳውን በምስርም የሚጠቀልሉት እሱም ሳይቸገር እንዲበላ ነው።

ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተዋል። የ1447 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ዐቢይ ጾም በተያዘበት በዚያው የየካቲት 2018 ዓ.ም. ሳምንት ገባ። ሳህኑ ይዞርበት የነበረው ግቢ ግን የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፤ ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ።

ፍትሐዊ ሆነን እንናገር። እነዚያ ቤቶች የተጣበቡ፣ ያረጁ፣ መጸዳጃቸውና ማዕድ ቤታቸው የጋራ ነበሩ። ዛሬ የራሷ ማዕድ ቤት ያላት እናት ብታመሰግን ተገቢ ነው። የካዛንቺስ ስም ራሱ የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ ሰፈሩ ሲሠራና ሲለወጥ የኖረ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ቤት በቁልፍ ይሰጣል፤ ጉርብትና ግን በቁልፍ አይሰጥም። ታዲያ ማፍጠሪያችን ምን ሆነ?

አንደኛው ለውጥ የሰዓት ነው። ቤቱ ቢሄድም የብዙው ሰው ሥራ እዚያው ካዛንቺስና ቂርቆስ ውስጥ ቀርቷል። ቢሮው፣ ሆቴሉ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ ቦታውን አልለቀቀም። በዚህ ወቅት መግሪብ የሚገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው፤ ይህ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ የሚረዝምበት ሰዓት ነው። ቀድሞ በእግሩ አምስት ደቂቃ ሄዶ ከልጆቹ ጋር ያፈጥር የነበረ አባት ዛሬ አዛኑን የሚሰማው ሰልፍ ላይ ወይም መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ልጆቹም ያለ እሱ ያፈጥራሉ።

ሁለተኛው የመብያ ቦታው ነው። ካዛንቺስ በክትፎና በጥሬ ሥጋ ቤቶቿ የታወቀች ናት። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ስለሚበላ፣ ሙስሊሙ ሠራተኛ ወይ የጨረቃ ምልክት ያለበትን ትንሽ ምግብ ቤት ይፈልጋል፣ ወይ በያይነቱ ይበላል። በረመዳን ደግሞ ብቸኛውን ሰው የሚያስፈጥሩት በየጉራንጉሩ ሳምቡሳና ሾርባ የሚሸጡ እናቶች ነበሩ። ጉራንጉሩ ሲጠፋ መሸጫቸውም ጠፋ። አዲሱ ሰፊ ጎዳና ያማረ ነው፤ ምጣድና ከሰል ይዞ ለሚቀመጥ ግን ቦታ የለውም። በየሆቴሉ የሚቀርበው የኢፍጣር ቡፌ ላለው ሰው ሐላል ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛን ግን አያስፈጥርም።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቴምሩም የምግብ ዘይቱም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ጭማሪው በቀጥታ ከማፍጠሪያ ሳህናችን ላይ አረፈ። ቀድሞ ሦስት ጎረቤት ተዋጥቶ ይገዛው የነበረውን ዘይት ዛሬ ማንንም በማታውቅበት ሕንፃ የገባች እናት ብቻዋን ትገዛለች። የመበተንን ዋጋ የምታውቁት እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመንገድ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቤት እስክትደርሱ ብላችሁ ማፍጠርን አታዘግዩ። ፀሐይ ከጠለቀች ማፍጠርን ማፋጠን ሱና ነው፤ ሦስት ፍሬ ቴምርና ውኃ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። በቂርቆስ ያላችሁ የመስጂድ ጀመዓዎች፣ የማፍጠሪያውን ሰፍራ በመስጂዱ ግቢ ብቻ አትወስኑት፤ አንድ ካርቶን ቴምር ይዛችሁ ወደ ታክሲው ሰልፍ ውጡ። ጿሚን ያስፈጠረ፣ ከጿሚው ምንዳ ሳይጎድል የእሱን ያህል እንደሚያገኝ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ለዚህ ቡፌ አያስፈልግም።

በአዲሱ መንደር ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኩ። ማን እንደሚኖር አታውቁም ይሆናል፤ ሳህን ይዞ የሚመጣ ልጅ ግን የማንም እንግዳ አይደለም። ጎረቤቱ ክርስቲያን ከሆነ የምስሩን ሳምቡሳ ላኩለት፤ እሱም ጾም ላይ ነው። በአንድ ደረጃ ያሉ ቤቶች በተራ ቢያፈጥሩ ሾርባው አንዴ ይሠራል፣ ዘይቱም ይቆጠባል፣ ብቻዋን የምታፈጥር ባልቴትም ሰው ታገኛለች።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባለው መስቀል አደባባይና በዙሪያው በ2013 ዓ.ም. የተደረገው ታላቁ የጎዳና ኢፍጣር አብሮ መብላት እንደምንችል አሳይቷል። ያ ግን የአንድ ምሽት ነው። የቀሩት ምሽቶች የጎረቤት ናቸው።

ለከተማው አስተዳደርም ጥያቄ አለን። ከመግሪብ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ወደ አዳዲሶቹ መንደሮች የሚሄዱ አውቶቡሶች ቢጨመሩ፣ ምግብ ሸጠው ልጅ ላሳደጉ እናቶችም በየመንደሩ የመሸጫ ቦታ ቢሰጥ ብዙ ቤት ይቃናል።

እስከዚያው ዘካተል ፊጥርን አስቡ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት የሁለት እጅ እፍኝ እህል ነው፤ ከዒድ ሶላት በፊት ይወጣል። ስትሰጡ ሩቅ አትመልከቱ። ትናንት በካዛንቺስ ጉራንጉር ሳምቡሳ ታበላችሁ የነበረችው እናት ዛሬ ምናልባት ከእናንተው ሕንፃ አንድ ፎቅ በላይ ትኖራለች። ፈልጓት።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የተበተነውን ማዕዳችንን ይሰብስብልን። አሚን።