በየሁለት ሳምንቱ ወይስ በሳምንት ሁለት ጊዜ?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የአንዲት ቃል ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ነገ ክፍል ገብተን ቀይ እስክሪፕቶ የምንጨብጥ ዕጩ መምህራን ነን። አንዲት ቃል የስንት ልጅ ውጤት እንደምታበላሽ በዓይናችን አይተናልና ዝም ልንል አልቻልንም።

ለማስተማር ልምምድ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ስሙን ማንሳቱ አያስፈልግም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ተለጥፏል፤ የክፍል ፈተና «ባይዊክሊ» ይሰጥ ይላል። አምስታችንም ተመካክረን «በየሁለት ሳምንቱ ማለት ነው» አልን። በአራት ሳምንት ውስጥ ሁለት ፈተና ሰጥተን፣ አርመን፣ መዝግበን ኮራ ብለን ተቀመጥን። ተቆጣጣሪያችን መጥተው መዝገቡን ሲገልጡ «ስምንት መሆን የነበረበት እንዴት ሁለት ሆነ?» አሉን። ለካ እሳቸው የተረዱት በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው! ብናስረዳም ሰሚ አላገኘንም፤ ነጥባችን ተቀነሰ። በጣም ነበር የተቆጨነው።

ታዲያ እኛስ ምን አደረግን? ከዚያ በኋላ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ባወጣነው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ባይመንትሊ የሚታተም መጽሔት በዓመት ስንት ጊዜ ይወጣል?» ብለን ጠየቅን። 6 ያለውን ትክክል፣ 24 ያለውን ስሕተት አልን። ወረቀቱ በተመለሰ ማግስት አንዲት ልጅ መዝገበ ቃላት ታቅፋ መጣችና «ቲቸር፣ እዚህ ላይ እኮ ሁለቱም ተጽፏል» አለችን። አየነው፤ እውነቷን ነው። የእሷን ነጥብ መለስንላት። 24 ብለው ጽፈው ሳይጠይቁ የቀሩት ግን ኤክሳቸውን ተሸክመው ቀሩ። በእኛ ላይ የተፈጸመውን በደል እኛው በልጆቹ ላይ ደገምነው ማለት ነው። ይህን ግለ ሂስ ካቀረብን ዘንድ ወደ ቃሉ እንግባ።

«ባይ» የተባለችው ቅጥያ ከላቲን የመጣች ናት፤ ሁለትንም፣ ሁለት ጊዜንም ታመለክታለች። ሁላችንም የምናውቀው ቢስክሌት ስሙን ያገኘው ከዚችው ቅጥያ ነው፤ ሁለት ጎማ ያለው ማለት ነው። ጎማ ሲቆጠር ችግር የለም። ጊዜ ሲቆጠር ግን ነገሩ ይደናገራል፤ ሁለት የሆነው ሳምንቱ ነው ወይስ ሥራው? «ባይዊክሊ» በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በዓመት 26 ጊዜ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ 104 ይሆናል። «ባይመንትሊ»ም ወይ 6 ወይ 24 ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። በየሁለት ሳምንቱ መወሰድ ያለበትን መድኃኒት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወስድ በሽተኛ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በዓመት ሲሆን እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት ቃል አበጅቷል። «ባይአኑዋል» አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ «ባይኢኒያል» ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ስሙ የሚታወቀውን መጽሔቱን ሲጀምር በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲወጣ ነበር፤ ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ ከተካሄደው ውድድር ወዲህ ለረጅም ዘመን በየሁለት ዓመቱ ሲደረግ ኖሯል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ጥቅል ጎመንና ካሮትም በሳይንስ መጽሐፍ «ባይኢኒያል» ይባላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠልና ሥር አብጅተው በሁለተኛው አብበው ዘር ይሰጣሉና። ቃላቱ ሁለት ናቸው እንጂ ከኋላ ወንበር ለሚሰማ ልጅ ድምፃቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላል።

ታማኟ ቅጥያ «ሴሚ» ናት። ትርጉሟ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሴሚ ፋይናል ግማሽ ፍጻሜ እንደምንለው። በወር ሁለት ጊዜ የሚሆነውን «ሴሚመንትሊ» ቢሉት አያሳስትም። አሜሪካ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሠራተኛ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ 26 ጊዜ፣ «ሴሚመንትሊ» የሚከፈለው 24 ጊዜ ደመወዝ ይቀበላል። ሆኖም እዚህም አንድ ጥንቃቄ አለ፤ «ሴሚስተር» የዚች ቅጥያ ዘመድ አይደለም። ስድስትና ወር ከሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት የተገኘ ነው። ግማሽ ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ «ሴሚ» ስላለበት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። «በየ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ይህን ሁሉ ጣጣ ገላግላናለች። የባቲ ገበያ በየሳምንቱ ሰኞ ይቆማል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተሰየመለት ቅዱስ በየወሩ በ17 ይታሰባል። ኢድ በሂጅራ ዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ኢድ አልፈጥርና አረፋ። እነዚህን ሰምቶ «ስንት ጊዜ ነው?» የሚል የወሎ ገበሬ አለ? የለም!

እርግጥ አማርኛችንም እንከን አያጣውም። «የዛሬ ሳምንት» ስንል ያለፈውም የሚመጣውም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው «መጣ» ወይም «ይመጣል» የሚለው ግሥ ነው። ሁለት ሳምንትንም «አሥራ አምስት ቀን» እንላለን፤ እንግሊዞች አሥራ አራት ሌሊት ቆጥረው «ፎርትናይት» ሲሉት እኛ አንድ ቀን መርቀንበታል። ቢሆንም «በየአሥራ አምስት ቀኑ» ያልነውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ብሎ የሚተረጉም ሰው አልገጠመንም።

እንግዲህ የጠራ ቃል በእጃችን እያለ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ቃል ለማስታወቂያችን መዋሳችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እንግሊዝኛን አንማር ማለታችን አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና ልጆቻችን እነዚህን ቃላት በመጽሐፍም በፈተናም ያገኟቸዋል። በበኩላችን የምንለው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ቃላቱን ስናስተምር ሁለቱንም ትርጉም እናስተምር፤ ከዐረፍተ ነገሩ መለየት በማይቻልበት ቦታ ግን አንፈትንባቸው። ቋንቋው ራሱ ባልወሰነው ነገር ልጅን «ተሳስተሃል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛ፣ መመሪያና ማስታወቂያ ስንጽፍ ቁጥሩን እንዘርዝር። «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ዓርብ» ከተባለ ማን ይሳሳታል? በእንግሊዝኛም ቢሆን ቀኑን ጠቅሶ መጻፍ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ግልጽ ያልሆነ ትእዛዝ ሲደርሰን እንጠይቅ። እኛ አምስታችን ያን ቀን ተቆጣጣሪያችንን «በወር ስንት ፈተና ነው የሚፈልጉት?» ብንላቸው ኖሮ ነጥባችን ባልተነካ ነበር። አፍረን ነው ያልጠየቅነው። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን አላፈረችም፤ መምህራችን ሆና ተገኘች።

በመጨረሻም ለጋዜጣችን አዘጋጅ ኮሚቴ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከዚህ ሰሌዳ አናት ላይ፣ ከስሙ ሥር፣ በደማቅ ቀለም «ባይመንትሊ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፍ የምናመጣው በወር ሁለት ጊዜ ነው ወይስ በሁለት ወር አንዴ? እባካችሁ፣ ቀለሙ ሳያልቅ በአማርኛ ጻፉልን!